ባዶዎቹ ድንጋዮች

«ባለፈው ለትኩሳት ያደልናችሁ ክኒን የጎዳው ካለ እጁን ያንሳ!» አለ ከሰቆጣ የመጣው ጓድ። በቀበሌው መሰብሰቢያ ሜዳ ማንም እጁን አላነሣም። «አያችሁ ጓዶች? ምንም ጉዳት የለውም ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ» አለና አጨበጨበ።

አበዛሽ ትኩሳት የያዘውን ልጇን አዝላ፣ ዛሬ ለእሱ የተሰጣትን ክኒን ጨብጣ ቆማለች። በዚህ ሜዳ ሰው ሁሉ የየራሱ መቀመጫ ድንጋይ አለው። ዛሬ ብዙው ባዶ ነው፤ ክኒን ሊቀበሉ ወደ ፊት መጥተው የቆሙት እንኳ በባዶዎቹ ላይ አልተቀመጡም። የራሷ ድንጋይ ከኋላ ስለሆነ፣ ደክሟት በአጠገቧ ባለው የሟች ጎረቤቷ ድንጋይ ላይ ልትቀመጥ ስትል አንድ ሽማግሌ ነጠላዋን ያዙ።

«ተይው ልጄ። ያንን ክኒን በዋጠች ማግስት አይደል የቀበርናት? የሌሎቹ ባዶ ድንጋዮች ባለቤቶችም እንደዚያው ናቸው። ጓዱ ከጠራት፣ እጇን ልታነሣ ትመጣ ይሆናል።»

አበዛሽ ክኒኑን በባዶው ድንጋይ ላይ አኖረች። ከዚያም የጎረቤቷን እጅ የምታነሣ ያህል፣ የራሷን ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ዘረጋች።