የአራተኛው ፎቅ ባትሪ

መብራት በጠፋበት ቀን አራተኛ ፎቅ ላይ የአንድ ቤት ማድ ቤት ሲቃጠል፣ ኮሪደሩ ላይ የተገጠመው የጭስ ማንቂያ ጭጭ አለ። ቤተሰቡን ያተረፈው የጎረቤት ጩኸት ነው። እሁድ የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ ግቢ ውስጥ ተሰብስቦ ማንቂያውን የገጠመችውን ኤሌክትሪሺያን አስጠራት።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ጌጤነህ ሽቦ አልባ ማይካቸውን ጨብጠው ተነሱ። "መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይሠራል ብላን ነበር። ከፍተን ብናየው ባዶ ነው። ባትሪ ሳታስገባ ነው የሄደችው።"

"አስገብቻለሁ" አለች። "እያንዳንዱ ባትሪ ላይ የገባበትን ቀንና ፎቁን በቀይ እስክሪብቶ እጽፋለሁ፤ ልማዴ ነው።"

"ታዲያ አይጥ በላው?" ሰው ሳቀ። "ይቅርታ ጠይቂና ውጪ። ሁለተኛ ይህን ግቢ እንዳትረግጪው።"

"ያላጠፋሁትን ይቅርታ አልጠይቅም፤ ከዚህም ንቅንቅ አልልም። እርስዎን ሰው ሁሉ ሰምቷል። አሁን እኔን ይስማኝ፤ ማይኩን ይስጡኝ።"

አቶ ጌጤነህ ፈገግ ብለው ሰጧት። ገና አፏን ስትከፍት ማይኩ ተንኮሻኮሸና ዝም አለ። የባትሪውን ክዳን በሙያ ልማድ ከፈተችው። ባለ ዘጠኝ ቮልቱን ባትሪ አውጥታ አገላብጣ አየችው። ከዚያ ሰውን ሰንጥቃ ሄዳ፣ ማድ ቤታቸው ለተቃጠለባቸው ለወይዘሮ ዘርትሁን ሰጠቻቸው።

"እርስዎ ያንብቡት፤ ድምፅዎን ከፍ አድርገው።"

ወይዘሮ ዘርትሁን በፋሻ በተጠቀለለ እጃቸው ባትሪውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ጽሑፉ ቀይ ነው።

"ግንቦት ሦስት" አሉ። "አራተኛ ፎቅ።"