ለሞተሩ ሲባል

መካኒኩ ባሮጌ መኪናው ሞተር ላይ ቱርቦ ገጥሞ፣ በቤንዚን ፈንታ በዳግም አረቄ እንዲሠራለት ወር ሙሉ ታገለ። የነዳጁን ልክ ቢጨምርም ቢቀንስም፣ ቱርቦው አየር መንፋት ሲጀምር ሞተሩ ያስላል። አረቄው ውሃ ሳይገባበት አልቀረም ብሎ ጠረጠረ። ይህን በአንድ ጉንጭ የሚለይ ሰው ያውቃል፤ በስካሩ ተጸይፎ የሸሸውን አባቱን።

ካንድ ዓመት መለያየት በኋላ ጠርሙሱን ይዞ የአባቱን ደጃፍ ረገጠ። ብርጭቆ አንስቶ ሲቀዳለት አባትየው ፊቱን አዞረ።

«ተወኝ ልጄ፣ ይቅርብኝ።»

«አትግደርደር እንጂ! ስንቴ ከቦይ ውስጥ ጎትቼ አውጥቼሃለሁ? ለሞተሩ ነው፤ ቅመስና ንገረኝ።»

አባትየው ብርጭቆውን ተቀብሎ ተጎነጨ፤ ዓይኑን ጨፍኖ በምላሱ አገላበጠው።

«ውሃ ቀላቅለውበታል» አለ፤ «ሩብ ያህል።»

ከንፈሩን ሲልስ ሲያየው፣ ልጁ ተጸይፎ ምራቁን እንትፍ አለ።

እናቱ ከጓዳ ብቅ አለች። ብርጭቆውን ስታይ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ምን አጠጣኸው? ጠበል ገብቶ ከተወ እኮ ስምንት ወሩ ነው!»

ልጁ ጠርሙሱን ሊከድን ተጣደፈ። አባትየው ብርጭቆውን ዘረጋ።

«ቆይ፣ አትክደነው» አለ፤ «ሩብ ይሁን ሲሶ በደንብ አልለየሁትም።»