ከጣሪያው የሚመጣ ፉጨት

ማናለብሽ ካቻቢቴዋን በጥርሷ ነክሳ የብረት መሰላሉን ወጣች። ወደ ታች አላየችም። ባለፈው ክረምት ባሏ ቤካ ወድቆ የሞተው ከዚሁ መሰላል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የዚህ የልደታ ሕንፃ የአየር ማቀዝቀዣ ጥገና ሲመጣ ሌላ ሰው ነበር የምትልከው። አሁን ግን የላከቻቸው ሁለቱም ቴክኒሽያኖች «እኛ እዚያ አንወጣም» ብለው እምቢ ስላሏት ራሷ መጣች።

«የአየር ማስገቢያውን ዝጊውና እንገላገል» አሉ ከኋላዋ እያለከለኩ የደረሱት የሕንፃው አስተዳዳሪ አቶ ፍሰሐ። «ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ልጆች ሥራ ሊያቆሙ ነው። ሴና የምትባለዋማ ከልደታ ማርያም ጠበል አምጥታ ቢሮውን ረጭታዋለች።»

«ምን ሰማን ነው የሚሉት?»

አቶ ፍሰሐ ዓይናቸውን አሸሹ። «የውጭው አየር ሲገባ ሰው ያፏጫል ይላሉ። ያ የሞተው ሰውዬ ነው እያሉ…» ማንን እያናገሩ እንደሆነ ትዝ ሲላቸው ድምፃቸው ወረደ። «ሚስቱ መሆንሽን አያውቁም።»

ማናለብሽ ወደ ማሽኑ ዞረች። አንድ ክፍል የሚያህል የቆርቆሮ ሣጥን ነው፤ ፊቱ ላይ የውጭውን አየር የሚያስገቡና የሚያግዱ የብረት ክንፎች ተደርድረዋል።

«ብዘጋው እኮ ኮምፕሬሰሩ ለማቀዝቀዝ ሲያጓራ ይውላል። ሰዉም የራሱን ትንፋሽ መልሶ ሲስብ ነው የሚውለው።»

«እሺ፣ ውጭው ሲቀዘቅዝ ብቻ ይከፈታ።»

«ክረምት ላይ ቅዝቃዜው ያታልላል፣ አቶ ፍሰሐ። እርጥበት የጠገበ አየር ቢቀዘቅዝም በውስጡ የደበቀው ሙቀት አለ። ቴርሞሜትር ያንን አያይም። ቤካ በኢንታልፒ እንዲሠራ ያደረገው ለዚህ ነው፤ ማሽኑ ሙቀቱንም እርጥበቱንም አንድ ላይ ይመዝናል። የውጭው አየር ሸክም ከውስጡ ሲቀል ብቻ ይከፍታል።»

ስሙን ጮክ ብላ ከጠራችው ቆይታ ነበር። አፏ ውስጥ እንግዳ ሆነባት።

«እኔ ይሄ አይገባኝም» አሉ አቶ ፍሰሐ፣ ቢሆንም በለዘበ ድምፅ። «ዛሬ ፉጨቱ ካልጠፋ ግን ማስገቢያውን ዘግቼ በብሎን አስመታዋለሁ። ምን ላድርግ?» ብለው ወረዱ።

ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። በተክለ ሃይማኖት በኩል ደመናው ተቀደደና ፀሐይ ወጣች፤ እርጥቡ ጣሪያ መጨስ ጀመረ። ማናለብሽ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ነፋስ መጣ፤ አየሩ እየደረቀ፣ እየቀለለ ሄደ። በመጨረሻ ትንሿ ሞተር እዝዝ አለችና ክንፎቹ ተከፈቱ።

ፉጨቱም መጣ።

በጥርስ መካከል የሚወጣ፣ ዜማ የሌለው ፉጨት ነው፤ ሽቅብ ወጥቶ ይደክመውና ይወርዳል። ቤካ ሥራ ሲቃናለት እንደዚያ ያፏጭ ነበር። ማታ ቤት ውስጥ ሲያደርገው «ሰይጣን ትጠራብናለህ!» እያለች ትቆጣው ነበር።

«ቤካ?» አለች።

ፉጨቱ አላቋረጠም። ተንበርክካ እጇን ሰደደች። የአንደኛው ክንፍ የጠርዝ ጎማ ተልጦ ቀጭን ክፍተት ተፈጥሯል። በጣቷ ሸፈነችው፤ ጸጥ አለ። ጣቷን አነሳች፤ ተመለሰ። ደግማ ሸፈነች፤ ደግማ አነሳች። እንዲህ ስታደርግ ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም።

አዲስ ጎማ ቦርሳዋ ውስጥ አለ። እንዲሁ ብትተወው በብሎን ይመቱታል፤ ቤካ የሠራውም ሥራ እዚያ ላይ ያበቃል። ብትጠግነው ማሽኑ እሱ እንዳዘዘው ሲከፍትና ሲዘጋ ይኖራል፤ ያለዚህ ድምፅ።

«ትንሽ ቆይ» አለች፤ ለማን እንዳለችው እንጃ። ጀርባዋን ለቆርቆሮው ሰጥታ፣ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችው። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ቀርቧት አያውቅም።

ከዚያ ተነሥታ ማሽኑን አጠፋች። የተላጠውን ጎማ ገሽልጣ ጣለች፤ ጠርዙን ጠርጋ አዲሱን ለጠፈችና በአውራ ጣቷ ዳር እስከ ዳር ተጫነችው። ማሽኑን ስታስነሣ ክንፎቹ እንደገና ተከፈቱ። ከነፋስ ማራገቢያው ጉምጉምታ በቀር ምንም አልተሰማም።

ስልኳ ጮኸ።

«ወይዘሮ ማናለብሽ? ሴና ነኝ፣ ከሦስተኛ ፎቅ። ቁጥርዎን አቶ ፍሰሐ ሰጡኝ። አየሩ እየገባ ነው፣ ግን ምንም አይሰማም እኮ!» ከኋላዋ ሴቶች ሲሳሳቁ ይሰማል። «ሄደ ማለት ነው? በቃ፣ ሄደ?»

ማናለብሽ አዲሱን ጎማ በጣቷ ዳበሰች።

«አዎ» አለች። «ሄደ።»

ስልኩን ዘግታ በተከፈቱት ክንፎች ፊት መዳፏን ዘረጋች። ዝናብ ያጠበው አየር በጣቶቿ መካከል እየሾለከ፣ ድምፁን ሳያሰማ ወደ ሰዎቹ ወረደ።