ሥራው እንዳያልቅ የፈለገችው ሩክያ

«ሩክያ... ይሄ ሥራ እኮ አልቋል!»

ኡርጂ ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አላለቀም።»

«ያ ኢንተላ! አንቺ ልጅ፣ ምኑ ነው ያላለቀው?»

«የከተሞቹ ስም መጣራት አለበት።»

«ሦስት ጊዜ አስጣርተሻል እኮ! ኡኬ ሦስቴም ኡኬ ናት፤ ነቀምቴም የትም አልሄደችም...»

ሩክያ አልሳቀችም። ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል ሌላ ሥራ ጨመረች...

ሁለቱ ጓደኛሞች ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ለአንድ የትራንስፖርት ማኅበር የቲኬት መቁረጫ ሲስተም እየሠሩ ነበር።

ኮዱን የሚጽፉት ሰዎች ሳይሆኑ አራት የኤአይ ኤጀንቶች፣ የታዘዙትን በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች ናቸው።

አንዱ የወንበሩን ክፍል ይጽፋል፣ ሌላው የክፍያውን፣ ሦስተኛው የመልእክቱን። አራተኛው የሦስቱን ሥራ ይፈትሻል።

መጀመሪያ ላይ መከራ ነበር። አንዱ የቀየረውን ሌላው አያውቅም፤ ጠዋት የተሠራው ከሰዓት ይፈርሳል።

ከዚያ ሩክያ መላ ዘየደች። የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚጠብቅ አንድ የጋራ ፋይል ላይ ጻፈች።

ወንበር ሳይያዝ ክፍያ የለም። ክፍያ ሳይረጋገጥ መልእክት አይላክም። ሁሉም ሳያልቅ ለማኅበሩ ርክክብ የለም።

አራቱም ያንን ፋይል ሳያነቡ ምንም ነገር አይነኩም።

አባቷ አቶ ሰይድ በድርቁ ዘመን በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ኡኬ አካባቢ በቆሎ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። እናቷ ካረፈች በኋላ እሷንና ታላቅ ወንድሟን ሙሄን ብቻቸውን ነው ያሳደጉት።

በየቀኑ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ይደውሉላታል።

«እሺ ሩክዬ፣ እነዚያ አራቱ ጎረምሶችሽ ዛሬም ተጣሉ?»

«ዛሬስ ታርቀዋል አባዬ!»

«አልሐምዱሊላህ! እኔ ሁለት በሬ አቅቶኛል፣ አንቺ አራቱን!»

ሲያማቸው ሙሄ ለሕክምና አዲስ አበባ ወሰዳቸው። «ቀላል ነው፤ አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አሏት። ከዚያም ሆነው መደወላቸውን አልተዉም።

ማክሰኞ ግን ስልኩ አልጮኸም...

ደወለች። ዝግ ነው።

ሙሄ ጋ ደወለች። «ተኝቷል» ብሎ ዘጋው።

ኡኬ ያለችው አክስቷ ሰዒዳ ጋ ደወለች።

«አብሽሪ የኔ ልጅ... ሥራሽን ጨርሺ... አብሽሪ።»

ምንም ያልሆነን ሰው ማን አብሽሪ ይለዋል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኡርጂ ምሳ ሳትጠየቅ እየገዛች ትመጣለች። አከራያቸው ሩክያን ሲያዩ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ።

ገባት።

አባቷ ሞተዋል። መርዶው ደግሞ ሥራዋን እስክትጨርስ ተይዞላታል።

ሩክያ አልጮኸችም። ማንንም አልጠየቀችም።

ፋይሉን ከፈተችና ከርክክቡ በፊት መሠራት ያለበት ብላ አንድ ሥራ ጨመረች።

እሱ ሲያልቅ ሌላ... ያም ሲያልቅ ሌላ...

ኤጀንቶቹ ለምን ብለው አይጠይቁም። ጠብቁ የተባሉትን ይጠብቃሉ።

ሥራው ካላለቀ መርዶ የለም። መርዶ ከሌለ ደግሞ... አባዬ አለ።

«ማሎ ሩክያ...» አለች ኡርጂ። «ማሎ፣ እባክሽ ጨርሺው።»

«ምን አስቸኮለሽ?»

የኡርጂ ዓይን ሳታስበው ወደ መስኮቱ ሄደ።

ሩክያ ተነስታ ወደ ታች አየች።

ከግቢው በር ውጭ፣ አንድ የቆመ ባጃጅ አጠገብ፣ ጃኬቱን አናቱ ላይ ጣል አድርጎ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰው አለ...

ሙሄ!

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የተቀመጠው?»

ኡርጂ ደነገጠች። «መሞታቸውን ታውቂ ነበር እንዴ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው አልኩሽ?»

«እዚያው አዲስ አበባ ከቀበራቸው በኋላ በቀጥታ ወደዚህ ነው የመጣው። ግባ ስለው፣ ፊቴን ካየች ታውቃለች አለኝ።»

«ኡኬ አይሄድም ነበር?»

«እዚያ ሄዶ ካለቀሰ ወሬው ይደርስሻል። ሽማግሌዎቹም ሩክያ ሳትሰማ ለቅሶ አንቀመጥም አሉ። ይኸው እንባውን ይዞ ተቀምጧል...»

ሩክያ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰች።

ማን ማንን እንደሚጠብቅ አንድ በአንድ የምታውቀው ልጅ... እሷን የሚጠብቀውን ሰው አላሰበችውም ነበር።

የጨመረቻቸውን ሥራዎች ሁሉ ሰረዘች። ርክክቡን ለቀቀች። ወረደች።

ሙሄ ሲያያት ብድግ አለ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

ሊያጽናናት የመጣው ወንድሟ እግሯ ሥር ተደፋ።

«ብቻዬን ቀበርኩት ሩክዬ! ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር... አባዬ ሥራዋን ሳትጨርስ እንዳትነግራት ብሎኝ ነው... አብራኝ የምታለቅስ አጣሁ!»

እሷም... ገና አሁን እንደሰማ ሰው ጮኸች።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ሙሄ እስከ ዛሬ ለሰው ሁሉ በኩራት ያወራል።

«የአባዬን ቃል ጠብቄያለሁ። እህቴ ሥራዋን በሰላም ጨርሳ ነው የሰማችው።»

እሱ እንዲህ ባለ ቁጥር ሩክያ አንገቷን ትደፋለች።

ታሪኩን የላከችልን እሷው ናት። «አፍራለሁ፣ በስሜ አታውጡት» ስላለች ስሞቹን ቀይረናል። ቀድማ ማወቋን ከጓደኛዋ በቀር ማንም አያውቅም።

ወዳጆቼ... ከሐዘን ስንሸሽ የምናዘገየው የራሳችንን እንባ ብቻ ይመስለናል። ግን እኛ ካላለቀስን ማልቀስ የማይችል፣ ደጃችን ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀን ሰው ሊኖር ይችላል።

እናንተስ ምን ትመክሯታላችሁ? መርዶውን ቀድማ አውቃ ሥራውን እንዳዘገየች ለወንድሟ ትንገረው... ወይስ ያ አንድ የሚጽናናበት ነገር አይነካበት?