የዋስ ጫማ

በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው እስኪመለስ ድረስ የሥጋ ዘመዱን ተርሚናሉ ውስጥ ዋስ አድርጎ እንዲያስቀምጥ ከታዘዘ ብዙ ዓመት ሆኗል። እዚያው ተርሚናሉ ውስጥ ያለው የእታገኝ ሱቅ ድሮ ሽቶና ቸኮላት ይሸጥበት ነበር ይባላል። አሁን ያለው ሳሙና፣ አንሶላና የልጆች ሸራ ጫማ ነው።

ምንትዋብ የስድስት ዓመት ልጇን ይዛ ገባች።

"እትዬ፣ ለእሷ የሚሆን ጫማ ይኖርዎታል? ዋሴ እሷ ናት። ሐሙስ እመለሳለሁ።"

እታገኝ የልጅቷን እግር አየት አደረገችና ትልቅ ጫማ አወረደችላት።

"ይሄማ ይወልቅባታል" አለች ምንትዋብ።

"ጫፉ ላይ ጨርቅ እጠቀጥቅበታለሁ። እያደገች ስትሄድ አወጣላታለሁ።"

"ሐሙስ እመለሳለሁ አልኩዎት እኮ።"

"ይሁን፣ እህቴ።"

የመሳፈሪያው ጥሪ ተሰማ። ምንትዋብ ቸኩላ ዞር ዞር ስትል፣ ከመደርደሪያው በላይ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ፣ ቀለሙ የለቀቀ ትንሽ ሸራ ጫማ አየች።

"ያ ልኳ ይመስላል። ያንን ይስጡኝ።"

"እሱ አይሸጥም" አለች እታገኝ፣ ቀና ብላ ሳታይ። "የእኔ ነው። እናቴ በልኬ ገዝታልኝ ነው የሄደችው።"