የዓመቱ ጥያቄ

«ስለ ወንድምሽ ጻፍሽ?» አለችኝ እናቴ።

«ስለ ዓይንሽ ነው የጻፍኩት።»

አንድ ቤተሰብ መዝገቦችን ሁሉ የሚፈትሸውን የፍለጋ ማሽን በዓመት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው መጠየቅ የሚፈቀድለት። ወንድሜ ይድነቃቸው ደግሞ ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነው። እናቴ ውሃ ስትቀዳልኝ መሙላቱን ለማወቅ ጣቷን ብርጭቆው ውስጥ ከተተች።

«ገና አልላክሁትም፤ ሁለቱን በአንድ ጥያቄ ማጣመር ይቻላል» አልኳት። «ማሽኑ ሁለት አንባቢዎች አሉት፤ አንዱ ስሙን ፊደል በፊደል ይፈልጋል፤ ሌላው ሕመምሽን ከአገላለጻችን ይረዳል። ግን የተሰጠንን አሥር ነጥብ ለሁለቱ እናካፍላለን። ብዙ ያገኘው በደንብ ይፈለጋል።»

«አሥሩንም ለእሱ ስጪ።»

«እማዬ፣ ልትታወሪ እኮ ነው።»

«የሱን ድምፅ ለመስማት ዓይን ምን ያደርግልኛል? ይልቅ ጻፊ።»

ለመከራከር አቅም አልነበረኝም። ለእሱ ዘጠኝ፣ ለእሷ አንድ ሞላሁና አሥሩንም ለእሱ ሰጥቻለሁ አልኳት። ስክሪኑን ማንበብ ስለማትችል አመነችኝ።

መልሱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ይድነቃቸው ሰመራ አንድ የጨው ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ ስልክ ቁጥሩም ነበረበት። ስለ ዓይኗ የመጣው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «በአስቸኳይ ሐኪም ያማክሩ።» የትኛውን ሐኪም እንደሆነ አይልም።

ወደ ቁጥሩ ደወልኩና ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት።