ከመጋረጃው ጀርባ የታፈነው ሳል

"በናትህ ሳልህን ዋጠው... መጡ።"

ልብስ ሰፊዋ ይህን ብላ መጋረጃውን በታመመው ባሏ ፊት ሳበችው።

ክፍሏ ድሮ ጫማ መሸጫ ነበረች። አሁን ፊት ለፊት የስፌት መኪና፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋ... የጫማ መደርደሪያው ላይ ሳህንና መድኃኒት።

ደብቂ ያላት አከራይዋ ነው። የሟች ጓደኛዋ ልጅ... እሷው አጉርሳ ያሳደገችው፣ ዛሬም "እማ" የሚላት።

"እማ፣ ነገ ቤት የሚመዘግቡ ሰዎች ይመጣሉ። ሱቅ ውስጥ እንደምትኖሩ ካወቁ ያስወጧችኋል። ለአንቺው ብዬ ነው" አላት።

እናት ልጇን ካላመነች ማንን ታምናለች?

መዝጋቢው ገባ። ዓይኑ ከመጋረጃው ሥር ብቅ ያለ የወንድ ነጠላ ጫማ ላይ ቀረ።

"እማማ፣ እዚህ የሚኖር ሰው አለ?"

"ኧረ ማንም የለም ልጄ። ሱቅ እኮ ነው።"

"ጫማውስ?"

"የደንበኛ ነው... ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ረስቶት ሄደ።"

ታዲያ ሰውየው በባዶ እግሩ ነው የሄደው? ብሎ አልጠየቃትም።

"እርግጠኛ ነዎት?" አላት ቀስ ብሎ።

"እርግጠኛ ነኝ።"

ተክዞ ወጣ።

መጋረጃውን ስትገልጥ ባሏ ትራሱን ነክሷል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"አየሽ... አንዴም አልሳልኩም" አላት፣ እንደ ልጅ ኮርቶ።

ወር ሳይሞላ አከራዩ መጣ።

"እማ፣ ኪራዩ እጥፍ ሆኗል። ካልቻላችሁ ልቀቁልኝ።"

እየሮጠች ወደ መዝጋቢዎቹ ቢሮ ሄደች። ያገኘችው ያንኑ መዝጋቢ ነው።

"እማማ፣ የመጣነው ልናስወጣችሁ አልነበረም" አላት አንገቱን ደፍቶ። "አዲሱ ደንብ ሱቅ ውስጥ የሚኖር ሰው ኪራይ እንዳይቆለልበት፣ እንዳይባረር ይከላከላል። ግን 'እኖራለሁ' ማለት ያለበት ተከራዩ ራሱ ነው... ምዝገባው ደግሞ አልቋል። አከራይዎ አልነገሩዎትም? እሳቸው እኮ ቀድመው ያውቃሉ።"

ቤት ተመልሳ ለባሏ ነገረችው።

ባሏ ነገሩን ሰምቶ ወደ ነጠላ ጫማው አየ። ከዚያ...

"አንዴ ብቻ ብስል ኖሮ ቤት ይኖረን ነበር" አለ።

ወገኖቼ... ያጎረሰውን እጅ የሚነክስ ሰው ሁልጊዜ ጥርሱን አያሳይም። አንዳንዴ "እማ" እያለ ነው የሚመጣው። "ለአንተ ብዬ ነው፣ ዝም በል" ያላችሁ ሰው ካለ፣ ዝም ከማለታችሁ በፊት መብታችሁን ጠይቁ።

እኔን ግን ያ ነጠላ ጫማ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ...

እናንተ በመዝጋቢው ቦታ ብትሆኑ መጋረጃውን ትገልጡት ነበር ወይስ ቃሏን አክብራችሁ ትወጡ ነበር? እውነቱን ጻፉልኝ።